ጦም አደረ የተባለው መሬቴ

ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ወንድሙ የመሬት ኮሚቴውን ይዞብኝ መጣ። «እታለም አቅም አንሷታል፤ መሬቱ ጦም አድሯል» ብሎ አመልክቶ ነበር። ሳይታረስ የከረመ መሬት ለሚያርስ ዘመድ እንደሚተላለፍ አሳምሮ ያውቃል። እኔ ደግሞ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካለው ከዚያ ማሳ ሌላ መኖሪያ የለኝም።

በዚያ ክረምት ጎንበስ ብዬ ማረም ስላቃተኝ ማሽላውን ትቼ የስኳር ድንች ሐረግ አጠጋግቼ ተክዬ ነበር። ለምን እንዳቃተኝ ያኔም ለማንም አልነገርኩም፤ አሁንም አልናገርም። የባሌ ወንድም ግን ለአላፊ አግዳሚው «የእሷን ጫካ አያችሁልኝ?» ይል ነበር። የራሱ ማሽላ በመስመር የተዘራ ነው፤ በመሃሉ አንዲት ሳር አያስቀርም። እሱ ንጹሕ ይለዋል። እኔ ባዶ ነው የምለው።

ቅንጭ የሚሉት መጤ አረም ከመኪና መንገዱ ዳር ተነስቶ የገባብን በዚያው ክረምት ነው። ሁለታችንም ጋ በቀለ። እኔ ጋ ሐረጉ ቀድሞ መሬቱን ስለከደነው ብርሃን አጥቶ ገርጥቶ ቀረ። ጉልበቴን ያከለው ባዶ በተውኩት የእግር መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ነቀልኩት። የባሌ ወንድም መስመሮች መሃል ግን የሚሻማው አላገኘም። ቢያርሙት ተመልሶ ይበቅላል። መስከረም ላይ ኮሚቴው ሲመጣ ማሽላው በቅንጩ ነጭ አበባ ተውጦ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የአገሬው ተወላጅ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው አጭር አጭር ነው። ሐረጉን ገለጥ አድርገው በጣታቸው ጫሩና ቡጢ የሚያክል ድንች መዘው አወጡ።

«ይሄ ነው ጦም ያደረ? ይሄ ጦመኛ ተደብቆ በልቷል!»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ወደ ማዶው ማሽላ አዩ። «ያ ነጩስ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ የባሌ ወንድም።

መሬቱ በእኔ ስም እንዲቀጥል አስጻፉ። ያን ቀን ራበኝ። ለወራት እህል የቀመስኩት እንዲያው ለወጉ ነበር።

ቀጣዩ ክረምት ሲገባ የባሌ ወንድም መጣ። «እታለም፣ ከሐረጉ ትንሽ ብትሰጪኝ?»

«ለምንህ?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«ቅንጩን... እንዲያፍንልኝ።»

ከራሱ አፍ መስማት ፈልጌ ነው። ከዚያ የፈለገውን ያህል እንዲቆርጥ ፈቀድኩለት። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ቅንጩ እሱ ማሳ ላይ ዘሩን ካራገፈ፣ ነፋሱ የሚነፍሰው ወደ እኔ ነው።