አይናዲስ በአለነ ላይ ደረበች

በኛ ከተማ በኮኪት ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ቤንዚንም አይጠይቅም። «አይናዲስ በአለነ ላይ ደረበች» የተባለው ጠዋት ከእትዬ አየሁሽ ሱቅ ተነሥቶ፣ ምሳ ሳይደርስ ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ለብሶ ወጥቶ ነበር።

አይናዲስ እዚሁ ያደገች የትራክተር ሹፌር ልጅ ናት። ጎንደር ተምራ የውሃ ባለሙያ ሆና ተመለሰች። እጮኛዋ አለነ ትራክተር ይጠግናል። የምትኖረው ከእትዬ አየሁሽ ሱቅ ጀርባ በተከራየቻት ክፍል ሲሆን፣ እዚያ ውስጥ ያለው አልጋ፣ ኮምፒውተርና ቬንትሌተር ነው። ቬንትሌተሩ ወደ እሷ ዞሮ አያውቅም። በዚህ ሙቀት ነፋሱን የሚቀበለው ኮምፒውተሩ ነው፤ እሷ በካርቶን ታራግባለች። «ማሽን ነው ወይስ አራስ የምትጠብቀው?» ይሉ ነበር እትዬ አየሁሽ።

ኮምፒውተሩ ዝናብ ያዘንባል። እውነቴን ነው። የጅረቱን ቁልቁለት፣ የአፈሩን ዓይነት ትነግረዋለች፤ ከዚያ ከባድ ዝናብ ታዝዝለታለች። እሱም ውሃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ እርምጃ በእርምጃ ያሰላል። ጅረቱ በጋሽ ባየልኝ የሰሊጥ እርሻ በኩል የሚያልፈው ነው። ጋሽ ባየልኝ ከጎጃምና ከወሎ ለአረም የሚመጡትን ሠራተኞች በየዓመቱ ዳስ ጥለው የሚያሳርፉት ከጅረቱ ዳር፣ ዋርካው ሥር ነበር። ጥላ አለው፤ ውሃ ቅርብ ነው። አይናዲስ ግን ቦታውን ፈራችው፤ ሄዳም ነገረቻቸው።

«አንች ልጅ» አሉ እየሳቁ፣ «አባትሽ እዚያ ዋርካ ሥር ትራክተር እያቆመ ነው ያሳደገሽ። ውሃው መቼ ነክቶን ያውቃል?»

«ጋሽ ባየልኝ፣ ያኔ ከላይ ጫካ ነበረ። አሁን ተመንጥሯል።»

«እንግዲያ አሳይኝ። ሠራተኛው ሳይገባ ካሳየሽኝ ዳሱን አነሣለሁ። ካላሳየሽኝ እዚያው ነው።»

አይናዲስ ሥራዋን ጀመረች። ችግሩ መብራት ነው። ስሌቱ ቀናት ይፈጃል፤ የኛ መብራት ደግሞ እንግዳ ነው፣ ብዙ አይቀመጥም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በየመሀሉ ቆም እያለ እስካሁን የደረሰበትን ሁሉ፣ ውሃው የት ቦታ ምን ያህል እንደ ጠለቀ ሳይቀር፣ አንድ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አደረገች። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከዚያ ይቀጥላል እንጅ ከመጀመሪያዋ ጠብታ አይጀምርም። ፋይሉን «አለነ» አለችው። የምታምነው እሱን ነዋ።

አንድ ቀን ታዲያ ኮምፒውተሩ በአሮጌው ላይ አዲሱን እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም አለ። አሮጌው ጠፍቷል፤ አዲሱ ገና ግማሽ ነው። ሁሉም ከባዶ። አልቅሳ ስታበቃ ሁለተኛ ፋይል ጨመረች፤ አንዱ ሲጻፍ ሌላው ሳይነካ እንዲቀመጥ። በመጀመሪያው ላይ የተደረበ ስለሆነም ስሙን «ደረበ» አለችው።

ይህንንም ጎንደር ላለችው ጓደኛዋ ለሰርካለም በስልክ አወራቻት። ከቆርቆሮው ወዲያ የእትዬ አየሁሽ ጆሮ ተለጥፏል።

«ሰርኬ፣ አለነን ብቻ አምኜ ጉድ ሆንኩልሽ! በጨነቀኝ ሰዓት ባዶ ሆኖ ተገኘ… አሁንማ ደረበን ይዣለሁ… በየተራ ነዋ! አንዱን ስይዝ ሌላውን አልነካውም… ኧረ አለነንማ አልተውኩትም፣ ሁለቱም ይኑሩልኝ እንጅ።»

ከዚህ በኋላ እትዬ አየሁሽ ዝም ይበሉ ማለት ግፍ ነው።

ከተማችን ውስጥ ደግሞ ደረበ የሚባል የሰሊጥ ደላላ አለ፤ ወንደላጤ ነው። ወሬው ሲደርሰው እውነት ነው አላለም፤ ውሸት ነው ማለትም አልፈለገም። አዲስ ነጭ ጀለቢያ አጥልቆ በእትዬ አየሁሽ ሱቅ በኩል ክብሪት ሊገዛ ተመላለሰ። ሲጋራ እንኳ አያጨስም።

አለነ ዘይት እንደ ተቀባ ሮጦ ጋሽ ባየልኝ ዘንድ ሄደ፤ ሽማግሌ ይሁኑኝ ብሎ። ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሏ ሲገቡ፣ ሽማግሌ መቀመጫ አይጣ ብዬ እኔም ዱካ ተሸክሜ ተከተልኩ።

ጋሽ ባየልኝ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አይናዲስ፣ አባትሽ ወዳጄ ነው። እንዲያው ይኸ ደረበ የሚሉት ነገር…»

«እርስዎም ሰሙ?» ፊቷ በራ። «ጋሽ ባየልኝ፣ ደረበ ባይኖር አልቆልኝ ነበር!»

«በፊቴ!» አለ አለነ፣ ቆቡን መሬት ጥሎ።

«ምን ሆንክ? አንተም እኮ አለህ። አንዱ ሲበላሽ በሌላው…»

«እኔ መለዋወጫ ነኝ?» ብሎ ጮኸ መካኒኩ።

ይህን ጊዜ ቬንትሌተሩ ቀጥ አለ። መብራት ጠፋ። አይናዲስ ራሷን ያዘች፤ «ወይኔ፣ አለነ ላይ እየጻፈ ነበር!»

ማንም የገባው የለም። መብራቱ እስኪመለስ ላብ በላብ ሆነን ተያየን። ሲመለስ ኮምፒውተሩን ከፍታ ሁለቱን ስሞች አሳየችን። «ይኸው፣ አለነ ተበላሽቷል። ደረበ ደህና ነው።»

ከቆርቆሮው ወዲያ እትዬ አየሁሽ ትን አላቸው።

«ጋሽ ባየልኝ፣ ሰሊጥ አጫጁ ነዶውን እርስ በርሱ አስደግፎ ሂላ እያቆመ አይደል የሚሄደው? ነፋስ ቢመጣ የቆመው ይተርፋል። የኔም ሂላዎች እነዚህ ናቸው።»

ጋሽ ባየልኝ ሳቅ አፈናቸው። አለነ ቆቡን አነሣ፤ አራገፈው፤ የሚያይበት አጣ። በኀፍረት ወዲያው መውጣት ስላልቻልን ቁጭ ብለን ማየት ጀመርን። ስሌቱ ደረበ ካቆመበት ተነሣ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊው ውሃ ከጅረቱ ወጣ፣ ሜዳውን ያዘ፣ ሄደ፣ ሄደ። ጋሽ ባየልኝ ዱካቸውን አስጠጉ።

«ይኸ ዋርካው ነው?»

«ዋርካው ነው።»

«ዳሱስ?»

«ከውሃው ሥር።»

ጣታቸውን ሰማያዊው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ዛሬም ከባዶ ብትጀምሪ ኖሮስ?» አሏት።

«ሠራተኞቹ የሚገቡት ነገ አይደለም እንዴ? አይደርስም ነበር።»

ስልካቸውን አወጡና እርሻው ላይ ያለውን ካቦ ጠሩ። «ዳሱን ጉብታው ላይ አድርገው። ጥላ የለውም? ጥላ እንሠራለታለን!»

እትዬ አየሁሽን እግዜር ይስጣቸው። የሳቸው ጆሮ ባይኖር ጋሽ ባየልኝ ያቺን ክፍል አይረግጧትም ነበር።

ነሐሴ ላይ ሲዘንብ አድሮ ሲነጋ ጅረቱ ጅረት መሆኑን ረስቶ ነበር። ከዋርካው የሚታየው ቅርንጫፉ ብቻ ነው። ከውሃው ወዲህ ተሰብስበናል፤ ሠራተኞቹ ያሉበትን ጉብታ ካፊያው ሸፍኖታል። አይናዲስ ከንፈሯን ነክሳለች። ጋሽ ባየልኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣

«አላችሁ ወይ?» ብለው ተጣሩ።

ውሃው ብቻ ይጮሃል። ከዚያ ከጉብታው ብዙ ድምፅ ባንድ ላይ መጣ፤ የጎጃሙም የወሎውም።

«አለነ!»

«አቤት!» አለ መካኒኩ ከጎኔ፣ ሳያስበው።

ያኔ ነው አይናዲስ እየሳቀች ያለቀሰችው። ጋሽ ባየልኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጀመሪያ ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። ደረበም በነጭ ጀለቢያው እኛ መሀል ቆሞ፣ ምስጋናው እንደሚገባው ሰው «ተመስገን» አለ።