ትርፏ ኤስ

እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የተሳሳተ ጽሑፍ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ ግን እስካሁን አልቻልኩም።

ለፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው ባለቤቴ ዶሮ እንድገዛ ልካኝ ሃይሌ ጋርመንት ከታክሲ ወረድኩ። በግ ተራው ጋ አንድ ካርቶን ተሰቅሏል። በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል «ሺፕስ» ይላል። በግ በእንግሊዝኛ አንድም ሆነ ሺህ ያው ሺፕ ነው፤ ኤስ አይጨመርበትም። ደሜ ፈላ።

የበጎቹ ባለቤት እዚያው ሰፈር ተወልደው ያረጁ፣ ሰማንያን የተሻገሩ ገበሬ ናቸው።

«አባባ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ስህተት ናት» አልኳቸው።

«ነው እንዴ? እስቲ ይቺን ያዝልኝና በደንብ አስረዳኝ» ብለው የአንዱን በግ ገመድ አስያዙኝ።

አስረዳኋቸው። ከበግ ወደ አጋዘን፣ ከአጋዘን ወደ ዓሣ ተሻገርኩ። እንደ እሳቸው የሚያዳምጥ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። መሀል መሀል ላይ ብቻ የበጉን ላት ያስዳብሱኛል። ትምህርቱን ስጨርስ በጉን ገዝቼዋለሁ፤ እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ባለቤቴን ምን እንደምላት እያሰብኩ፣ ከመሄዴ በፊት ትርፏን ፊደል ልሰርዛት እስክሪብቶ አወጣሁ። አባባ እጄን ያዙኝ።

«ተው መምህር፣ እሷን አትንካብኝ። የልጅ ልጄ አስተካክላ ጽፋው ሳለ ዞር ብሎ ያየን ሰው አልነበረም። ኤሷን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ አንተ አራተኛው አስተማሪ ነህ።»