የጋሽ ሰይድ ጎማ

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ጎሚስታ ነበርኩ። የካራቆሬው ጋሽ ሰይድ ፊያታቸውን በየወሩ ያመጣሉ፤ የፊት ጎማዎቿ ከውስጥ በኩል ብቻ ተበልተው። ልጃቸው ወደ ሰሜን ከመዝመቱ በፊት የውድድር መኪና እንድትመስልለት ሞላዋን ቆርጦ ዝቅ አድርጓት ነበር።

«ሞላዋን ልቀይርልዎት?»

«ወላሂ አትነካትም! ሲመለስ እንደተዋት ያግኛት።»

እሺ ብዬ፣ ዝቅ እንዳለች የጎማዎቹን አቋም አቃናሁላቸው። «ከእንግዲህ የሚያልቁት እኩል ነው፤ ዓመት ሙሉ አያስመጡዎትም» ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ምን አጠፋሁ?

በሳምንቱ መጡ። ጎማዎቹ እንደገና ተንጋደዋል፤ የሳቸው ጣቶች ግራሶ በግራሶ ናቸው። ልቆጣ ስል፣ ዓይናቸው ከኔ ጋር አልነበረም። ከሰሜን የመጣ የወታደር መኪና ጎማ ሊያስለጥፍ ቆሟል። ያለ ሰበብ አጠገቡ መቆም በዚያ ዘመን ያስይዛል። ጋሽ ሰይድ ከላይ የተጫኑትን ልጆች ፊት አንድ በአንድ እያዩ ነበር።