ከአየር የተሠራው ዋንዛ

የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። በጥር ወር ለመስክ ልምምድ ቡና አብቃይ ወደሆነችው ሰቃ ተላክሁ፤ ያረፍኩትም የገበሬ ማኅበሩ አባል በሆኑ አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። በጓሯቸው ቡናቸውን የሚያጠላ ትልቅ ዋንዛ አለ። ማገዶ ስላለቀባቸው በማግስቱ ሊያስቆርጡት መጥረቢያ ያለው ጎረቤት ጠርተዋል። ባለቤታቸው ግን ዋንዛው ከወደቀ ቡናዬን ፀሐይ ይጨርሰዋል ብለው ከጠዋት ጀምሮ አኩርፈዋል።

እኔ ይዤ የሄድኩት መምህራችን ያሠራንን የፀሐይ ምድጃ ነበር፤ ሳጥን ውስጥ ሳጥን፣ በመካከሉ የቡና ገለፈት የታጨቀበት፣ ውስጡ ጥቁር፣ ክዳኑ መስታወት። እማማ ጎደሬ ልጠው በድስት ሰጡኝ። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ይበላል፤ ስለዚህ በስሏል ብሎ ማስመሰል አይቻልም። ሳጥኑን ቡና የሚሰጣበት ሜዳ ላይ አስቀምጬ ውሃ ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ አባባ ተሸክመው በዋንዛው ጥላ ሥር አኑረውታል።

«ዕቃህን ፀሐይ መታብህ እኮ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ እንዲመታው ብዬ ነው።»

እማማ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሳቸው ሁሉም ነገር የቡና ችግኝ ይመስላቸዋል» አሉ።

ሳጥኑን መልሰን አወጣነው። እስኪበስል ዋንዛው ሥር ተቀምጠን የተማርኩትን ነገርኳቸው፤ የዛፍ እንጨት አብዛኛው ከአየር የተወሰደ ነው፤ ስናነደው ወደ አየር ይመለሳል፤ ካልነደደ ግንዱ ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል።

«ይሄ ዋዴሳ? ከአየር?» አሉ አባባ፣ ዋንዛውን በኦሮምኛ ስሙ እየጠሩ። «ከአፈር ነው እንጂ።»

«ከአፈር ቢሆን ኖሮ፣ አባባ፣ ዙሪያው ጉድጓድ ይሆን ነበር።»

ጎንበስ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። ደልዳላ ነው። ከዚያ ቀና ብለው ቅርንጫፎቹን ብዙ አዩ። «ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው። እኔም ነገሩን ለፈተና አጥንቼው ነበር እንጂ እስከዚያች ሰዓት አላየሁትም። አንድ መንደር ተሰብስቦ የማያነሣው ግንድ፣ እኛ ተንፍሰን ከምንለቀው ነገር ተሠርቶ ከላያችን ቆሟል።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም እማማ ክዳኑን ሲከፍቱ እንፋሎቱ ፊታቸውን መታው። ጭስ የለም፣ ፍም የለም። አንዱን ጎደሬ ቆርሰው ዋጡ። ጉሮሯቸውን አየሁ።

«በስሏል» አሉ፣ ለባላቸው እያቀበሉ።

አባባም በሉ። «ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣስ? ክረምትስ?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚያ እንጨት እንደሚያስፈልግ አመንኩላቸው።

በማግስቱ ጎረቤቱ መጥረቢያውን ይዞ መጣ። አባባ የደረቁትን ቅርንጫፎች ብቻ እንዲያወርድ በጣታቸው አሳዩት።

«ግንዱስ?»

«ግንዱን ተወው። የያዘውን ይዞ ይቁም።»

ጎረቤቱ ግራ ተጋብቶ ወደ እማማ ዞረ። እሳቸው ግን የቡናውን ቅርንጫፎች በእጃቸው ወደ ጎን እየሰበሰቡ ነበር። «ቀስ አድርገህ ጣል» አሉት፣ «ሥሩ ቡና አለ።»