መዶሻው ዝም ሲል

የማዘጋጃ ቤቱ ውኃ ክፍል የገባሁት በጃንሆይ ጊዜ፣ በኅዳር ውርጭ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ካቦ ቱፋ ገለባና አሮጌ ጆንያ አሸክመውኝ አሰላን ቤት ለቤት ዞርን። ሥራችን ምክር ነበር፤ "ቧንቧችሁን በገለባ ጠቅልሉ፣ ሲመሽ በትንሹ አንጠባጥቡት፣ አለዚያ ውርጩ ይሰነጥቀዋል።"

እማማ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ሳቁብኝ። "ብረት ደግሞ ይበርደዋል እንዴ ልጄ?"

"ከእርስዎ ይልቅ ይበርደዋል" አሉ ካቦ ቱፋ። ወዲያው በተዘጋው ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል አዩና ቀልዱን ተዉ። ምድጃውን አንስተው ደጅ አወጡት። "ከሰል ሰው ይገድላል። ደጅ ሳይቀጣጠል አያስገቡት፤ ካስገቡትም በር አይዝጉ" አሏቸው።

ከቀትር በኋላ ጭላሎ ግርጌ ወዳለው የውኃ ማጠራቀሚያ ሄድን። ከመሬት በታች የተሠራ የግንብ ጉድጓድ ነው፤ መግቢያው ጣሪያው ላይ ያለች ጠባብ አፍ ብቻ ናት። ካቦ ቱፋ ገመዱን በገዛ እጃቸው ወገቤ ላይ አሰሩ። "ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ታች እያለህ ግድግዳውን በመዶሻ መምታት አታቋርጥ። ድምፁ ከጠፋ ጎትተን እናወጣሃለን። ገመድ ሳያስር የሚከተልህ የለም፤ አንድ ሬሳ ይበቃናል።"

ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኔም መሰላሉን የወረድኩት እናቴን እየጠራሁ ነው። የተላክሁት ደለል ልጠርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አላውቅም፤ ሳልፈራ የወረድኩበት ቀን ግን የለም።

በሌላ ዓመት ታኅሣሥ ላይ የማጠራቀሚያው ግድግዳ ተሰነጠቀ። ውኃውን አፍስሰን በሲሚንቶ ደፈንነው፤ ሲሚንቶው በብርዱ አልደርቅ አለ። ቦኖዎቹ ደርቀዋል፤ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ማዘጋጃ ቤቱን ከበዋል። ሹሙ መጣና "ዛሬ ውኃ ካልተለቀቀ ዓይኔ እንዳያያችሁ" ብሎን ሄደ።

ካቦ ቱፋ ሲሚንቶውን እንዲያደርቅ የተቀጣጠለ ከሰል በባልዲ አስወረዱ። ገመዳቸውን አስረው እሳቸውም ሊወርዱ ሲሉ፣ "ካቦ፣ ከሰል እኮ ነው" አልኳቸው።

"አፉ ክፍት አይደል?" አሉኝና ወረዱ።

እኔና ባልደረባዬ ደበላ ላይ ሆነን መዶሻውን እናዳምጣለን። ኳ፣ ኳ ይላል። ከዚያ ዘገየ። ከዚያ ዝም አለ።

ገመዱን ጎተትነው። ምንም አልከበደንም፤ ጫፉ ባዶውን ወጣ።

"አልገባም" ልል ፈልጌ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደበላ ሌላ ገመድ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። ትንፋሼን ይዤ ወረድኩ። ካቦ ቱፋ መሰላሉ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ይዤው የወረድኩትን የራሳቸውን ገመድ በብብታቸው አዙሬ አሰርኩ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ሲል ወጥቼ ከደበላ ጋር ጎተትኳቸው።

ሣሩ ላይ አስተኛናቸው። የሞቱ መስሎን ነበር። ቆይተው አስመለሳቸው፣ ዓይናቸውንም ገለጡ። ደበላ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

"ገመዱን ለምን ፈቱት?" አልኳቸው።

"እየተጠላለፈ አስቸገረኝ" አሉ። "ደግሞ ሥራውን አውቀው የለ።"

ሲያገግሙ እንደ ልማዳችን ቤት ለቤት ወጣን። የእማማ አስካለ ምድጃ ደጅ ነበር። "ይኸው፣ እርስዎ እንደነገሩኝ ነው የማደርገው" አሏቸው። ካቦ ቱፋ አንገታቸውን ደፉ፤ ያን ቀን ምክሩን የተናገርኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሥራው ላይ ላላችሁ የምላችሁ ይህን ነው፤ ለሰው የምትመክሩትን ጉድጓዱ አፍ ላይ ስትደርሱ ለራሳችሁም ንገሩ። ገመዱንም አትፍቱ።