ናዝሬት ሲደርስ የቸኮለው ጽጌረዳ

አባቴ አንድ ክፉ ልማድ ነበረው፤ ሰው ፊት ቃል መግባት ይወድ ነበር። ያን ዓመት በዚህ ልማዱ ሁላችንንም በፍርሃት ሊገድለን ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ዛሬም ሳስበው እናደድበታለሁ።

አትክልተኛ ነበር። አሰላ አንድ ባላባት ቤት ሃያ ዓመት አበባ ሲኮተኩት ኖረ። ባላባቱ መሬታቸው ሲወረስ ናዝሬት ወዳለው ቪላቸው ወረዱ፤ እኛንም ይዘውን መጡ። ሳይደላደሉ ቪላውም ተወረሰ። እሳቸው ታሰሩ፣ ቪላው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ አባቴ ከነመቀሱ እዚያው ቀረ። መኪናቸው የሚቆምበት ጋራዥ ደግሞ እስር ቤት ሆነ። ከአበባው መደብ እስከ ጋራዡ በር አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አባቴ ውሃ ሲያጠጣ ውስጥ የሚያስለው ሰው ይሰማዋል። ቤት ሲመጣ ስለዚያ አያወራም፤ እኛም አንጠይቀውም።

ክረምት ሲገባ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠርቶ "ባንዲራው ዙሪያ ቀይ አበባ እፈልጋለሁ" አለው። አባቴ አሰላ ሄዶ፣ አክስቴ ደጅ ራሱ ከተከለው ጽጌረዳ ቅርንጫፍ እየቆረጠ አምጥቶ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ላይ ተከለው። ያ ጽጌረዳ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ነው፤ ሲዳስሱት እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። አሰላ ብርድ ላይ ዝግ ብሎ ይፈካል፣ ከፈካም በኋላ ሳምንት አልፎት ሳይረግፍ ይቆያል።

የካቲት ላይ የቀበሌው ሕዝብ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ለሜይ ዴይ ከአውራጃ እንግዶች እንደሚመጡ ተናግሮ "አበባው ይደርሳል ወይ?" ብሎ ጠየቀ። "ይደርሳል" ብሎ መቀመጥ ምን ነበረበት? የለም! አባቴ ብድግ አለና "ለዕለቱ ቀይ በቀይ አደርገዋለሁ! ካላደረግሁ በሕግ ልጠየቅ!" አለ። ኧረ ማን ስለ ሕግ ጠየቀህ? ሰው አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ ቆሌዬ ተገፈፈ። በቅርቡ አንድ ድምፅ ማጉያ የሚያሠራ ሰው በስብሰባ መሀል ድምፁ ተቋርጦበት "አሻጥር ነው" ተብሎ ጋራዡ ገብቷል። ሲወጣ በዱላ ነበር የሚራመደው። የእኛ ሰውዬ ደግሞ ከዚያ በፊትም "የባላባት አሽከር" የሚል ስም ነበረበት።

"አይዞሽ፣ እኔ የማላውቀውን አልናገርም" አለኝ ወደ ቤት ስንሄድ። አሰላ ላይ አትክልተኛ ሁሉ ጽጌረዳ የሚቆጥረው በጾም ነው፤ ሁዳዴ ሲያዝ ቅርንጫፉን ይከረክሙታል፣ አዲሱ አበባ ለፋሲካ ይደርሳል። ሃምሳ አምስት ቀን፣ ዝንፍ አይልም። በዚያ ዓመት ፋሲካ እሑድ ውሎ ሜይ ዴይ በማግሥቱ ሰኞ ነበር። "እግዜር ራሱ ነው ያገጣጠመልኝ" አለ። ጾሙ የተያዘ ዕለት መቀሱን ስሎ አሥራ ሁለቱንም ከረከማቸው።

ናዝሬት ግን አሰላ አይደለችም። የመጋቢት ፀሐይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ያነድዳል፣ ንፋሱ ራሱ የሞቀ ነው። ደብረ ዘይት እሑድ፣ የጾሙ አጋማሽ ማለት ነው፣ ካለፈ ሳምንት ቢሆነው ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። አንዱ ጽጌረዳ ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። እምቡጡ ቀይ ማሳየት ጀምሯል። እኔ ጅሏ "እሰይ፣ ደረሰልህ!" አልኩት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ልጄ፣ ገና ሃያ ቀን ይቀራል" አለኝ።

ያደረገው ጉድ ነው። ጆንያ ከልሎ ጥላ አበጀለት፣ በጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ አርከፈከፈበት፤ ማን ሊሰማው? በተከረከሙ በአርባ ቀናቸው አሥራ ሁለቱም ፈኩ። ሲፈኩ ደግሞ አበባው አሰላ ላይ ከሚሆነው በግማሽ ያንሳል፣ ቀለሙ እንደለቀቀ ጥለት ወደ ሐምራዊ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን መርገፍ ጀመረ። አባቴ ማንም እንዳያይ የረገፈውን እየለቀመ በኪሱ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ባዶ የቀረውን ደግሞ በጆንያው ይሸፍነው ነበር። ሊቀመንበሩ ሲያልፍ "ጀመረልህ አይደል? ጥሩ ነው" አለው። እስከ ሜይ ዴይ የሚቆይ መስሎታል። ምስኪኑ አባቴ "አዎ ጓድ" ከማለት ሌላ ምን ይበል? እምቡጡን ቢቀጥፈው እንኳ ሌላ ለማውጣት ከወር በላይ ይፈልጋል። እማዬ ማታ ማታ ልብሱን እያጠበች የእስር ቤት ስንቅ የምታዘጋጅ ይመስለኝ ነበር።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አክስቴም ደጇ ያለውን ጽጌረዳ የምትቆርጠው በዚያው በጾሙ መያዣ ነው፤ አንድ ዓይነት ዘር፣ የተቆረጠውም በአንድ ቀን ነው። አሰላ ላይ ለፋሲካ መድረሱ አይቀርም። "አምጥቼ በክር እናስረዋለን" አልኩ። አባዬ "ከተያዝሽ እኔ ልኬሽ ነው በይ" አለኝ።

አክስቴን ለበዓል ልጠይቅ ብዬ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። አሰላ ስደርስ አምላኬ! ቁጥቋጦው ከላይ እስከ ታች በትልልቅ ጥቁር ቀይ አበባ ተሞልቷል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንድድ አልኩ። አክስቴ እየቆረጠች፣ እኔ ጫፉን በእርጥብ ጥጥ እየጠቀለልኩ ወደ ሃምሳ የሚሆን አበባ ቅርጫት ውስጥ ደረደርን። ቀዳም ሥዑር ስለነበር ከላይ በቄጤማ ሸፈነችልኝ፤ ያን ዕለት ቄጤማ የያዘ ሰው ማንም አይጠረጥረውም።

ደራ ኬላ ላይ ሁላችንንም ከአውቶቡስ አስወረዱን። አንዱ አብዮት ጠባቂ ቄጤማዬን ገለጥ አድርጎ እጁን ሰደደ፣ ወዲያው "ኡፍ!" ብሎ መለሰው። እሾህ ወግቶት ጣቱ ደምቷል።

"ምንድን ነው የያዝሽው?"

"አበባ ነው። ለሜይ ዴይ።" ሌላ ውሸት አልመጣልኝም፤ እውነቱን ተናገርኩ።

"ናዝሬት አበባ የለም?"

ጓደኛው "ተዋት እባክህ፣ አበባ አሸነፈህ እንዴ?" ብሎ ሳቀበት። ሰውዬው ጣቱን እየመጠጠ በአገጩ ግቢ አለኝ።

የፋሲካ ዕለት ዶሮው ተሠርቶ ማናችንም በቅጡ አልበላንም። አበባው ጓዳ ውስጥ ውሃ በሞላ ገንዳ ተነክሮ ነበር፤ በየሰዓቱ እየሄድን እናየዋለን። ሰኞ ንጋት ላይ እኔና አባዬ ግቢውን ልናስጌጥ ነው ብለን ገባን። በአረንጓዴ የስፌት ክር አንድ በአንድ፣ ከነእርጥብ ጥጡ፣ ቅርንጫፉ ላይ አሰርነው። የአባቴ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ቋጠሮውን የማጠብቀው እኔ ነበርኩ። ጋራዡ ውስጥ ያ ሰው ያስላል።

ሁለት ሰዓት ይጀመራል የተባለው በዓል አራት ሰዓት ሆነ። ፀሐዩ በረታ። አንዳንዱ አበባ አንገቱን መድፋት ጀመረ። አባቴ የውሃ ቆርቆሮውን ይዞ ሲያርከፈክፍ ከላዩ ላይ የሚወርደው ላብ ይሁን ውሃ አይለይም። በመጨረሻ ላንድሮቨሩ መጣ። ከአውራጃ የመጡት ካድሬ ወርደው ሲያዩ "ይህን የመሰለ ቀይ ናዝሬት ላይ አይቼ አላውቅም!" አሉ። ሰው አጨበጨበ። ምናለ በዚያ ቢበቃቸው? ጎንበስ ብለው አንዱን አበባ ለደረት ኪሳቸው ሳብ አደረጉት።

አበባው ሳይታገል መጣ። ከሥሩ ክር ተንጠለጠለ፣ ከክሩ በታች ያ እርጥብ ጥጥ።

ካድሬው ጥጡን አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ አባቴን አዩት። አባቴ ቆርቆሮውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ሊቀመንበሩ ቀደመኝ። "ሳይንሳዊ ዘዴ ነው ጓድ!" አለ። "ክሩ ለድጋፍ፣ ጥጡ ለእርጥበት ነው። ባለሙያችን በጥናት ያገኘው ነው!" ድምፁ ደልደል ያለ ነበር፤ ወረቀት የያዘው እጁ ግን ከአባቴ እጅ ብሶ ይንቀጠቀጣል። አበባው ቢጋለጥ ለካ እሱም ከእኛ ጋር ነው ጋራዥ የሚገባው። ያን ሁሉ ወር የምፈራው ሰው እንደኔው ሲፈራ ሳይ የባሰ ደነገጥኩ።

"ሳይንሳዊ!" አሉ ካድሬው፣ አበባውን ኪሳቸው ላይ እየሰኩ። "እንዲህ ያለ ባለሙያ እዚህ ምን ይሠራል? ጓድ፣ መኪናው ውስጥ ግባ።"

አባቴን ይዘውት ሄዱ። ቆርቆሮውን እንኳ አላስቀመጠም። ያኔ በላንድሮቨር የተወሰደ ሰው ለሹመት ይሁን ለሞት ማን ያውቃል? እማዬ ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጅ ተቀመጠች፤ ጎረቤት አንድም ሰው አልመጣም፣ ፈርተው ነው። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ያመጣሁት ሐሳብ፣ ያሰርኩት ክር ሁሉ እየታወሰኝ፣ አባቴን በገዛ እጄ የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ግድግዳ እደበድብ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በእግሩ መጣ። ጉልበቱ አፈር ነክቶታል። እማዬ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ተነፋረቀች።

"ምን አሉህ?" አለችው።

"የአውራጃውን ግቢ አሳዩኝ። ለአብዮት በዓል፣ ለመስከረም ሁለት፣ ቀይ በቀይ አድርግልን አሉ።"

"አንተስ?"

"እሺ አልኳቸው።"

"እሺ አልካቸው?!" እማዬ ደረቷን መታች።

"እምቢ ይባላል እንዴ?"

እውነቱን ነው፣ አይባልም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት አቃተው፤ እኔ ፈታሁለት። እየፈታሁ በሆዴ ከመስከረም ሁለት ወደ ኋላ አርባ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ስደርስ ክረምት መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ዝናብ፣ ደመና፣ ሌላ አየር። ቀና ብዬ አባቴን አየሁት፤ እሱም ጣቱን ይዞ ይቆጥር ነበር። በክረምት፣ ናዝሬት ላይ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።