ወለሉ የሚታይ ሐይቅ

ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ እንደገባ መጀመሪያ የኖረው ሚሺጋን ነበር። እኔ ወዳለሁበት አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣ በኋላም ስለዚያ አገር የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ፣ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው፣ በረዶውን ቆርጠው ከሥር የሚያልፈውን ዓሣ በጦር እንደሚወጉ። አባታችን ልጅነታቸውን ወሎ፣ ሐይቅ ዳር፣ በመንጠቆ ሲያጠምዱ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እሱ ጋ ሊኖሩ መጥተው ይህን ሲሰሙ "ሂድ ወዲያ፣ ቀጣፊ" አሉት።

በዚያው ዓመት ሐኪሙ ዓይናቸውን ግላኮማ እንደያዘው ነገረን። የጠፋው እይታ አይመለስም፣ የቀረውም እየጠበበ ይሄዳል። ከክሊኒኩ ስንወጣ አባባ ወንድሜን "እንግዲያው ዓይኔ ሳይከዳኝ አሳየኛ" አሉት።

የሐይቁ ፍለጋ እኔ ላይ ወደቀ። አሌክሳንድሪያ ከቤቴ ሆኜ ካርታ የማገላብጠው እኔ፣ አውቃለሁ ባዩ እሱ። የኛ አካባቢ አይታሰብም፤ የአናንዴል ኩሬ በረዶ ዳክዬ እንኳን በቅጡ አይችልም። ሚሺጋን ያሉ የዓሣ ማጥመጃ ሱቆች እየደወልኩ "ዓሣ አለ?" እላለሁ፤ ሁሉም አለ ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ብቻ የአባቴን ዓይን ነገር ሳጫውተው፣ ዓሣውን ተዪውና ስለ ውሃው ጠይቂ አለኝ። ጭቃ ይዞ የሚገባ ወንዝ የሌለበት፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ብዙ የማያልፍ፣ አሸዋው ከላይ የሚታይ ሐይቅ ፈልጊ አለ። ከስንት ስልክ በኋላ አገኘሁ።

"ዓሣ የሞላበትን ሐይቅ ካንስል አድርገሽ ውሃ ልታሳዪያቸው ነው?" አለ ወንድሜ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ሁለታችንም ከሥራ ኦፍ ያገኘነው በየካቲቱ ሰኞ፣ በፕሬዚዳንቶች ቀን በዓል ነው። ቅዳሜን ሙሉ ነዳን፤ ሰኞ ጠዋት በረዶው ላይ በተከራየናት ጎጆ ውስጥ አባባን ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። በሩ ሲዘጋ የተቆረጠው በረዶ ሥር ያለው ውሃ አረንጓዴ ሆኖ በራ። አባባ አሸዋው ላይ ያለውን የቀንድ አውጣ ቅርፊት መቁጠር ጀመሩ። ልቤ ያን ጊዜ ነው የተመለሰው።

ወንድሜ ጦሩን ሰጣቸው። "አባባ፣ ሬዲ ይሁኑ። ሲመጣ አንገቱን ይውጉት።"

ጦሩን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። "ዛሬ የዐቢይ ጾም መግቢያ አይደለም እንዴ?"

እኔና ወንድሜ ተያየን። ያን ሁሉ ጊዜ የበረዶውንና የሥራውን ቀን ስናሰላ አንዳችንም የቤተ ክርስቲያኑን አላየንም።

"ለኛ ይያዙልና" አለ ወንድሜ፣ አፍሮ።

"እናንተስ ጾመኛ አይደላችሁም?"

ያኔ ዓሣው መጣ። ረጅም ነው፣ የክንድ ያህል። ለማባበያ ካንጠለጠልነው የእንጨት ዓሣ ሥር መጥቶ ቀጥ አለ። ወንድሜ እጁን ወደ ጦሩ ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። አባባ ሻርፓቸው ውሃውን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አሉ።

"ዓይኑ ቢጫ ነው" አሉ፣ እንዳይሸሽባቸው በሹክሹክታ።

እንደዚያች ሰዓት ወድጃቸው አላውቅም። የዓሣውን ዓይን እኔ አላየሁትም፤ እሳቸውን ሳይ ነበር።